ኮከብ ገዝቶ ገበያ መግዛት ይቻላልን?

ሜይ 25 ቀን 2024 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የካናዳው ቫንኩቨር ዋይትካፕስ የአሜሪካውን ኢንተር ማያሚ በሜዳው ሲያስተናግድ 51,035 ተመልካች ተመዘገበ። ለክለቡ የደራ ገበያ ነበር። ይሁንና ከብዙዎቹ ኪስ የወጣው ገንዘብ ለጨዋታው ሳይሆን ለአንድ ሰው፣ ለሊዮኔል ሜሲ የተከፈለ ነው። ጨዋታው ሁለት ቀን ሲቀረው ሜሲ፣ ሉዊስ ሱዋሬዝና ሰርጂዮ ቡስኬትስ ከቡድናቸው ጋር እንደማይጓዙ ተሰማ። ክለቡም የተቆጣውን ሕዝብ ለማብረድ በስታዲየሙ ውስጥ የሚሸጠውን ምግብና መጠጥ በግማሽ ዋጋ አቀረበ። አንዳንዶቹ ትኬት ገዢዎች ግን በቅናሽ ሳንድዊች የሚታለፉ አልሆኑም፤ ነገሩን ፍርድ ቤት አደረሱት።

ትኬቱ ላይ የተጻፈው የሁለት ቡድኖች ጨዋታ ነው፤ ጨዋታውም ተካሂዷል። ሕጉ ምንም ይበል ምን፣ በንግድ ቋንቋ ሲታይ ገዢው የከፈለበት ሸቀጥና የተረከበው ሸቀጥ አንድ አልነበሩም። አሜሪካውያን «ሶከር» የሚሉትን የእግር ኳስ ገበያ በውጭ አገር ኮከብ ለማስፋት ግማሽ ምዕተ ዓመት የፈጀው ሙከራ ሁሉ የሚያጠነጥነው እዚህ ላይ ነው። ኮከቡ ሰው እንደሚጠራ የሚከራከር የለም። አከራካሪው ኮከቡ ሲሄድ ስንቱ ደንበኛ ይቀራል፣ እስከዚያውስ ገንዘቡ በማን ኪስ ይገባል የሚለው ነው። ሙከራው በትልቁ የተደረገው ሦስት ጊዜ ሲሆን፣ ፔሌ በ1975፣ ዴቪድ ቤካም በ2007፣ ሜሲ በ2023 ወደ አሜሪካ ገብተዋል።

ከፔሌ እስከ አታሪ

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለብዙው አሜሪካዊ እግር ኳስ የስደተኛና የተማሪ ጨዋታ ነበር። የሰሜን አሜሪካ የእግር ኳስ ሊግ ከ1968 ጀምሮ ቢኖርም፣ ኒው ዮርክ ኮስሞስ በ1974 በአማካይ ከ4 ሺህ ያነሰ ተመልካች ነበረው። የክለቡ ባለቤት የፊልምና የሙዚቃ ኩባንያው ዋርነር ኮሙኒኬሽንስ፣ የኩባንያው መሪም ሚስተር ስቲቭ ሮስ ነበሩ። ሚስተር ሮስ የመዝናኛ ነጋዴ እንደመሆናቸው ፊልም ያለ ዝነኛ ተዋናይ እንደማይሸጥ ያውቃሉ። ስለዚህ ከሳንቶስ ተሰናብቶ የነበረውን የ34 ዓመቱን ፔሌን በጁን 1975 አስፈረሙ። የአገሪቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሄንሪ ኪሲንጀር ሳይቀሩ ብራዚልን በማግባባት እጃቸውን አስገብተው ነበር። ክፍያው እንደ ዘጋቢው ይለያያል፤ ለሦስት ዓመት ከ2.8 እስከ 7 ሚሊዮን ዶላር ይባላል። ለዚያ ዘመን ስፖርት ሁለቱም ቁጥር ጉድ የሚያሰኝ ነው።

የመጀመሪያው ጨዋታ በሲ.ቢ.ኤስ. ቴሌቪዥን ለመላው አገር ሲተላለፍ፣ ሣር የሳሳበት የሜዳው ክፍል ለምለም እንዲመስል አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ ነበር። ሊጉ በኋላ የሚደርስበትን ለሚያውቅ ይህች ቀለም ብዙ ትናገራለች።

ለጊዜው ግን ሁሉም ነገር ወደ ላይ ነበር። ጀርመናዊው ፍራንዝ ቤከንባወር፣ ጣሊያናዊው ጂዮርጂዮ ኪናሊያና ብራዚላዊው ካርሎስ አልቤርቶ ተከታትለው መጡ። በኦገስት 1977 በጃያንትስ ስታዲየም 77,691 ሰው ኮስሞስን ተመለከተ። ፔሌ በዚያው ዓመት ጫማ ሲሰቅል የክለቡ አማካይ 34 ሺህ ደርሶ ነበር፤ እንዲያውም እሱ ከሄደ በኋላ በ1978 ከ47 ሺህ አለፈ። በዚህ ብቻ የሚፈርድ ሰው ኮከቡ ገበያ ፈጥሮ ሄደ ይላል፤ ብዙዎችም ያን ጊዜ እንዲሁ ብለዋል።

ስህተቱ ያለው ሌሎቹ ክለቦች ከኮስሞስ የተማሩት ትምህርት ላይ ነው። የኮስሞስን ሕዝብ አዩ፤ የኮስሞስን ካዝና ግን አላዩም። ሊጉ በ1978 በአንድ ዓመት ከ18 ወደ 24 ክለቦች ተለጠጠ። ሎስ አንጀለስ ዮሃን ክሮይፍን፣ ፎርት ሎደርዴል ጌርድ ሙለርን አመጡ። ኮስሞስ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርበትን የኒው ዮርክ ገበያና የዋርነርን ኪስ ይዞ የሚከፍለውን፣ በመካከለኛ ከተማ ያለ ክለብ በተከራየው የአሜሪካን ፉትቦል ስታዲየም ውስጥ ሆኖ ሊከፍል ሞከረ። የደመወዝ ወጪው የኒው ዮርክ፣ የትኬት ገቢው የክፍለ አገር ሆነበት። የሊጉ አማካይ ተመልካች በ1980 ከ14 ሺህ ጥቂት ከፍ ቢልም፣ ኤ.ቢ.ሲ. ቴሌቪዥን ከስክሪን ፊት የሚቀመጠው ሰው አንሶ ስላገኘው በዚያው ዓመት ውሉን ተወው።

ከዚያ የመጣው መዘዝ ከኳስ ጋር ግንኙነት ያለው አይደለም። የዋርነር ንብረት የነበረው የቪዲዮ ጨዋታ አምራች አታሪ በ1983 ክፉኛ ወደቀ፤ ዋርነር በዚያ ዓመት ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። ትርፍ ሲትረፈረፍ ማንም ያልጠየቀው የኳስ ወጪ አሁን ዓይን ውስጥ ገባ። በ1984 የሊጉ ክለቦች 9 ብቻ ነበሩ፣ የኮስሞስ አማካይም ወደ 13 ሺህ ወርዶ ነበር። በማርች 1985 ለቀጣዩ ውድድር ዝግጁ ሆነው የተገኙት ሁለት ክለቦች ብቻ ስለነበሩ ሊጉ ተዘጋ።

የሚገርመው፣ ሊጉ የመጨረሻ ውድድሩን ባካሄደበት በ1984 በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የራሳቸውን የስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ አቋቋሙ። ያ በየዓመቱ በጁላይ የነጻነት በዓል ሰሞን የሚደረገው የኳስ ውድድር ያለ ፔሌና ያለ ዋርነር ዛሬም አለ። የንግድ ሊግ አይደለምና ማወዳደሩ ቀልድ ሊመስል ይችላል። ቢሆንም እዚያ የሚሰበሰበው ሰው በዋነኝነት የሚመጣው ዘመድ ከዘመድ ለመገናኘትና የከተማውን ቡድን ለመደገፍ እንደሆነ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል።

ጎበዝ ሒሳብ ሠራተኞች

ቀጣዩ ሊግ የተወለደው አሜሪካ የ1994ን የዓለም ዋንጫ ለማዘጋጀት ስትመረጥ አንደኛ ደረጃ ሊግ ለማቋቋም በገባችው ቃል ነው። ያ ዓለም ዋንጫ ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ተመልካች ሲያስገባ፣ ሕዝቡ ኳስ አያውቅም የሚለው አባባል ያኔውኑ አበቃ። ሜጀር ሊግ ሶከር በ1996 በ10 ክለቦች ሲጀመር መሥራቾቹ የቀድሞውን ሬሳ በሚገባ መርምረውት ነበር። ከእነርሱ አንዱ ሚስተር ላማር ሃንት በቀድሞው ሊግ የዳላስ ክለብ ባለቤት ሆነው ከስረው የተመለሱ ሰው ናቸው።

አወቃቀሩን ነጋዴ በቀላሉ ይረዳዋል። ሊጉ እንደ አንድ አክሲዮን ማኅበር ነው፤ ባለሀብቶቹ የማኅበሩን ድርሻ ይገዙና አንዳንድ ክለብ እንዲያንቀሳቅሱ ይሰጣቸዋል። ተጫዋቹ የሚዋዋለው ከክለቡ ሳይሆን ከማኅበሩ ጋር ሲሆን ደመወዝም ጣሪያ አለው። ስለዚህ ክለቦች ለአንድ ተጫዋች እርስ በርስ ተጫርተው ዋጋ ሊያንሩ አይችሉም። ሁለተኛው ፈውስ ከኪራይ መውጣት ነው። ሚስተር ሃንት በ1999 በኮሎምበስ 28.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አውጥተው ለኳስ ብቻ የሚሆን ስታዲየም ሠሩ። ከዚያ ወዲህ የመኪና ማቆሚያው፣ የቢራውና የማስታወቂያው ገቢ ለአከራይ መሄዱ ቀረ።

ይህም ሆኖ መጀመሪያው ቀላል አልነበረም። በመጀመሪያው ዓመት ከ17 ሺህ በላይ የነበረው አማካይ ተመልካች በ2000 ከ14 ሺህ በታች ወረደ፤ በ2002 መግቢያ ሁለት የፍሎሪዳ ክለቦች ተዘጉ። ኮከብም አልጠፋም ነበር። ኮሎምቢያዊው ቫልዴራማ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነበረ። በ1990 ጀርመንን በአምበልነት ለዓለም ዋንጫ ያበቃው ሎተር ማቴውስ በ2000 ወደ ኒው ዮርክ መጥቶ አንዲት ጎል ሳያገባ አንድ ወቅት ተጫውቶ ሄደ። ገበያው ትከሻውን እንኳ አልነቀነቀም። በዚያን ጊዜ ሊጉን ያቆየው የአንድ ሰው ትዕግሥት ነው፤ ቢሊየነሩ ሚስተር ፊሊፕ አንሹትስ ከ10ሩ ክለቦች 6ቱን በራሳቸው ወጪ ይዘው ቆይተዋል።

የቤካም ቀብድ

በጃንዋሪ 2007 የዴቪድ ቤካም ዝውውር ሲታወጅ የዓለም ጋዜጦች የጻፉት 250 ሚሊዮን ዶላር ብለው ነው። በእርግጥ ከሎስ አንጀለስ ጋላክሲ የሚያገኘው ደመወዝ በዓመት 6.5 ሚሊዮን ሲሆን፣ የቀረው ከማስታወቂያና ከመሳሰለው በአምስት ዓመት ሊገኝ ይችላል ተብሎ የተደመረ ነው። ለዚህም ሲባል ደንብ ወጣ። አንድ ክለብ ከጣሪያው በላይ የሚከፈለው ተጫዋች መያዝ ይችላል፤ ከጣሪያው ሒሳብ የሚታሰብበት ግን በ2007 400 ሺህ ዶላር ብቻ ነበር፤ የቀረውን ባለቤቱ ከኪሱ ይችላል። የኮስሞስ በሽታ ወደ ሌሎች እንዳይተላለፍ የተሠራ አጥር መሆኑ ግልጽ ነው።

ተመልካች መጣ ወይ? መጣ። በኦገስት 2007 ጋላክሲ ወደ ኒው ዮርክ ሲሄድ 66,237 ሰው ገባ። የሊጉን አጠቃላይ ሒሳብ ላገላበጠ ግን ታሪኩ እንዲህ የሞቀ አይደለም። አማካዩ በ2006 ከነበረበት 15,504 በ2007 ወደ 16,770 ከፍ ካለ በኋላ፣ ቤካም እዚያው እያለ በ2008 ወደ 16,460፣ በ2009 ወደ 16,037 ወረደ። አዲሱ ነገር ማማለሉ ከዓመት ብዙም አላለፈም ማለት ነው። ቤካም በ2009 ለኤ.ሲ. ሚላን በውሰት ተጫውቶ ዘግይቶ ሲመለስ የገዛ ደጋፊዎቹ ጮኹበት።

ቁጥሩ እንደገና ሽቅብ የወጣው ሲያትል በ2009፣ ፖርትላንድና ቫንኩቨር በ2011 ከገቡ በኋላ ሲሆን፣ በ2012 18,807 ደረሰ። ሲያትል በመጀመሪያ ዓመቱ በአማካይ ከ30 ሺህ በላይ ሰው አስገባ። ስዊድናዊው ሉንግበርግ ቡድኑ ውስጥ ነበር፤ ሆኖም 30 ሺህ ሰው በየሳምንቱ ለሉንግበርግ ወጣ የሚል አይገኝም። ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ አትላንታ ነው። በ2017 የገባው ይህ ክለብ ዓለም ያወቀው አንጋፋ ኮከብ ሳይዝ ከደቡብ አሜሪካ በመጡ ወጣቶች ተጫውቶ በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ ከ48 ሺህ፣ በሁለተኛው ከ53 ሺህ በላይ ተመልካች አገኘ። ፔሌ በነበረበት በየትኛውም ዓመት ኮስሞስ ይህን አማካይ አላየውም።

ታዲያ ቤካም ለማን ጠቀመ? መልሱ በውሉ ውስጥ ባለች አንዲት አንቀጽ ይገኛል። ቤካም መጫወት ሲያቆም አዲስ ክለብ በ25 ሚሊዮን ዶላር የመግዛት መብት ነበረው። ዋጋውን አስቀድሞ በቀብድ እንዳሰረ ገዢ ማለት ነው። ቶሮንቶ በ2007 ሲገባ የከፈለው የመግቢያ ክፍያ 10 ሚሊዮን ዶላር ስለነበር 25 ሚሊዮን ያን ጊዜ ርካሽ አይመስልም ነበር። በ2013 ለሁለተኛው የኒው ዮርክ ክለብ 100 ሚሊዮን ተከፈለ፤ በ2019 ቻርሎት 325 ሚሊዮን፣ በ2023 ሳን ዲዬጎ 500 ሚሊዮን እንደከፈሉ ተዘግቧል። ቤካም በ2014 መብቱን ተጠቅሞ ያቋቋመው ክለብ በ2020 መጫወት ጀመረ፤ እሱም ኢንተር ማያሚ ነው።

የመግቢያ ክፍያው ለነባሮቹ ባለድርሻዎች የሚከፋፈል መሆኑን ልብ ማለት ያሻል። ይህ ከተመልካች የተገኘ ገቢ ሳይሆን ከአዲስ ባለሀብት የመጣ ነው። ለዓመታት ከሊጉ ጥሩ ገቢዎች አንዱ ይኸው ነበር፤ ተቺዎችም ነባር አባል ከአዲስ ገቢ የሚበላበት ማኅበር ብለውታል። እቁብ ቢሆን ኖሮ ዳኛው ይጠየቅበት ነበር።

በኮሚሽን የሚሠራ ኮከብ

ሜሲ በጁላይ 2023 ሲመጣ ኢንተር ማያሚ የሊጉ ጭራ ነበር። የመጀመሪያውን ጨዋታ በ94ኛው ደቂቃ በቅጣት ምት ጨረሰ፤ በወሩም የሊግስ ካፕን ዋንጫ አስነሣ። ክለቡ በዋናው ውድድር በዚያ ዓመት ከምሥራቁ ምድብ 15 ክለቦች 14ኛ ሆኖ መጨረሱ ግን ብዙ አልተወራለትም። በዲሴምበር 2025 ቫንኩቨርን 3 ለ 1 አሸንፎ ሻምፒዮን ሆኗል።

ከገበያ አንጻር ከጎሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ውሉ ነው። የተጫዋቾቹ ማኅበር በ2024 ባወጣው ዝርዝር ዋስትና ያለው ዓመታዊ ክፍያው 20.4 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ከዚያ በላይ ግን ሊጉን በቴሌቪዥን ለማሳየት ለ10 ዓመት 2.5 ቢሊዮን ዶላር የተዋዋለው አፕል አዲስ ከሚያገኛቸው ደንበኞች ገቢ ድርሻ አለው፤ ከአዲዳስም እንዲሁ፤ በክለቡም ባለድርሻ የመሆን መብት አለው። ደላላ በሚገባው ቋንቋ፣ ኮከቡ ደመወዝተኛ ብቻ ሳይሆን ባመጣው ገዢ ልክ ኮሚሽን የሚቆረጥለት ሆኗል። ፔሌ ሰው መጣም ቀረም የሚከፈለው ሲሆን፣ የሜሲ ገቢ ከፊሉ ከሊጉ ዕጣ ጋር የታሰረ ነው።

ጥቅሙም ከቀጣሪው ክለብ አልፎ ሄዷል። በኤፕሪል 2024 የካንሳስ ሲቲ ክለብ ጨዋታውን ከራሱ አነስተኛ ስታዲየም ወደ አሜሪካን ፉትቦሉ አሮውሄድ አዛውሮ 72,610 ሰው አስገባ። ለሜሲ የሚከፍለው ማያሚ፣ ትኬቱን የሸጠው ካንሳስ ሲቲ። ፎርብስ መጽሔት በ2023 600 ሚሊዮን ዶላር የገመተው ኢንተር ማያሚም በ2024 ከ1 ቢሊዮን አለፈ። ሆኖም በመጽሔቱ ግምት የመጀመሪያው የ1 ቢሊዮን ዶላር ክለብ የራሱ ስታዲየም ያለው ሎስ አንጀለስ ኤፍ.ሲ. ነው፤ ያም የሆነው ሜሲ ከመምጣቱ በፊት ነበር።

የኳሱ ተወዳጅነትስ? የሊጉ አማካይ ተመልካች በ2017 ያለ ሜሲ 22,106 ነበር፤ በ2023 22,111 ሆነ። በ2024 ከ23 ሺህ ቢያልፍም በ2025 ተመልሶ 22 ሺህ አካባቢ ወረደ። ጋሉፕ የተባለው የአስተያየት መዛኝ ድርጅት አሜሪካውያን ከምንም በላይ ማየት የሚወዱትን ስፖርት ሲጠይቅ በ2017 እግር ኳስ ያሉት ከመቶ 7 ነበሩ። በዲሴምበር 2023፣ ያ የሜሲ ሞቅታ ባለበት ወቅት 5 ሆኑ። የሁለት ነጥብ ልዩነት ወረደ ለማለት አያበቃም፤ ወጣ ለማለት ግን ጨርሶ አያስችልም።

ምክንያቱ በፔሌና በሜሲ ዘመን መካከል የገበያው ጠባይ መለወጡ ነው። በ1975 ጥሩ ኳስ ማየት የፈለገ አሜሪካዊ ሌላ ሱቅ አልነበረውም። ዛሬ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በየቅዳሜው ጠዋት ቤቱ ይገባል። ኤን.ቢ.ሲ. ለዚያ መብት ለ6 ዓመት ወደ 2.7 ቢሊዮን ዶላር ሊከፍል ተዋውሏል፤ አፕል ለአገሬው ሊግ ለ10 ዓመት ከተዋዋለው ይበልጣል። የሜክሲኮ ሊግ ደግሞ በስፓኒሽ ቋንቋ ጣቢያዎች ሚሊዮኖችን ይዟል። ሜሲን ባርሴሎናና ፓሪስ እያለም ያየው ሰው፣ ፍሎሪዳ ሲመጣ ኳስን እንደ አዲስ አልተዋወቀም። ፔሌ ጨዋታውን አስተዋወቀ፤ ሜሲ ያደረገው በሌላ ሱቅ ይገዛ የነበረውን ደንበኛ ወደ ማያሚ መጥራት ነው። ደንበኛው መጥቶ የሚያየው የአርጀንቲናውን ኮከብና ከእሱ ጋር የተሰለፉትን ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ያለ ሜሲ የሚቀርበው ሸቀጥ ከለንደኑ ወይም ከማድሪዱ ጋር ተወዳድሮ መሸጥ አለበት።

በዚህ ላይ ጨዋታውን በቴሌቪዥን ለማየት የተለየ የደንበኝነት ክፍያ መጠየቁ ዋጋ አስከፍሏል። እንግዳ ደንበኛን ለመሳብ ታላቅ ኮከብ ማምጣትና ያንኑ ኮከብ ከክፍያ በር ጀርባ ማቆም አብረው አይሄዱም። ሊጉና አፕል በኖቬምበር 2025 ይህን ተጨማሪ ክፍያ ከ2026 ጀምሮ እንዲቀር ተስማምተዋል፤ የውሉንም ዕድሜ በ2028-29 ወቅት ማብቂያ ላይ አሳጥረውታል። ሜሲ ደግሞ በኦክቶበር 2025 ከማያሚ ጋር እስከ 2028 የሚያቆየውን ውል ፈርሟል። ያኔ 41 ዓመቱ ነው።

ሁለቱ ውሎች በተቀራራቢ ጊዜ ይጠናቀቃሉ ማለት ነው። ሊጉ ቀጣዩን የቴሌቪዥን ውል ለመደራደር የሚቀመጠው ኮከቡ በሚሸኝበት ወይም በተሸኘበት ሰሞን ይሆናል። ሳን ዲዬጎን በ500 ሚሊዮን ዶላር ሒሳብ የገቡት ባለሀብቶች የከፈሉት ዋጋ ውድ ይሁን ርካሽ የሚለየው በዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው።